ሞተሩን አታጥፊው

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው አልሰማሁትም። ራሴ ቆሜ ያየሁት ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ... ሱሉልታ... የባለቤቴ እናት ግቢ ውስጥ።

የሱሉልታን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። አብረውኝ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እኔ ያየሁትን እነሱም አይተዋል። ግን እስከ ዛሬ አንዳቸውም ስለዚያ ጠዋት አንስተው አያወሩም።

እኔ ጽሑፍ አልተማርኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ባለቤቴ ሌንጮ ይባላል። «ይባል ነበር» ማለት አፌ እስካሁን አልለመደም።

ቡራዩ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አንዲት አሮጌ ቪትዝ ነበረችው፤ በኮንትራት ሰው ያመላልስባታል። እጁ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የተበላሸ ነገር ካየ ቤት ይዞ ይመጣል።

አንድ ቀን ስክሪኗ የተሰነጠቀ ትንሽ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከመጽሐፍ አትበልጥም። እኔ ለቆሻሻ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ሰበታ ስልክ የሚጠግን ሰልማን የሚባል ጓደኛው ጋ ወሰዳት፤ ሁለቱ ሆነው መኪናው ውስጥ ቀበሯት።

ያን ጊዜ እየሳቅኩ «ቀበራችኋት» ስላቸው ቃሉ አልከበደኝም ነበር።

ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ ምንጣፉን ገልጠው፣ በስፖንጅ ጠቅልለው አስቀመጧት። ገመዷን በምንጣፉ ውስጥ አሳልፈው ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኙት። ድምፅዋ በመኪናው ስፒከር ይወጣል። ቁልፉ ሲዞር እሷም ትነሳለች። ከውጭ የሚያያት የለም። ስፖኪዮ እየተነቀለ በሚያድርበት ሰፈር ላፕቶፕ አሳይቶ መኪና ማቆም አይታሰብም።

የሚታየው ከማርሹ አጠገብ የተለጠፈች፣ ቁጥር ብቻ ያለባት ትንሽ ኪቦርድ ነበረች። ሰው ሲጠይቀው «ሒሳብ ስለማልችል ነው» ይላል።

ሙዚቃ ታጫውታለች፣ መንገድ ትመራለች። መንገድ የምትመራዋን ሴትዮ ግን አልወደዳትም። የሰፈሮቻችንን ስም እየሰባበረች ትጠራዋለች። ስለዚህ አጥፍቷት የራሱን ድምፅ ቀዳ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ...»

«ሱታ፣ ሱታ... እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ።» ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው።

መኪናው በተነሳ ቁጥር የምትጀምረው በእኔ ነው። ስፒከሩ «ዕድሌ፣ ቀበቶሽን እሰሪ። ያለችኝ ሚስት አንድ ናት» ይለኛል። ስሜ ዕድላዊት ነው፤ ዕድሌ የሚለኝ እሱ ነው። ከእሱ ሰምተው እናቱና ጓደኛው ሰልማንም እንደዚያው ይሉኛል።

በእናቱ ደግሞ የባሰ ነበር። እማዬ ተረፈች መኪና ውስጥ ከገቡ ምክር አያልቅባቸውም። በላህ ወይ፣ ለበስክ ወይ፣ ለምን ቀጠንክ... እሱ አፉን ሳይከፍት ከኪቦርዷ አንዱን ቁልፍ ይጫናል። «እሺ፣ ሃርሜ ኮ» ይላል ስፒከሩ። እናቴ ማለት ነው። «በልቻለሁ» የሚል ቁልፍ አለው። «ደህና ነኝ» የሚል አለው። «እመጣለሁ» የሚልም አለው።

እማዬ እየሳቁ ትከሻውን ይመቱታል። «ይሄ ልጅ በማሽን ሊጦረኝ ነው።»

መኪናዋ አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ኮምፒውተሯ ባትሪውን ትበላዋለች። ሞተሩ ከጠፋ ቶሎ አይነሳም። ለዚህ ነው ሌንጮ ለአጭር ጉዳይ በወረደ ቁጥር ያንኑ የሚለኝ።

«ሞተሩን አታጥፊው። መጣሁ።»

ፉሪ ላይ... ጠዋት ነበር። ወደ ሰበታ፣ ወደ ሰልማን እየሄድን ነበር። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ሹፌሩ ብቻውን ጎማው ሥር ድንጋይ ይከታል።

የአገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ከኋላው ቅጠል ይነጠፋል፤ የሚመጣው ከሩቅ አይቶ እንዲጠነቀቅ። ሹፌሩ ገና አላነጠፈም።

ሌንጮ አላስቻለውም። ዳር ይዞ ቆመ።

«ሞተሩን አታጥፊው። መጣሁ።»

በሩን እንኳን አልዘጋውም። ገርበብ አድርጎት ወረደ።

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ታቅፎ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ጀርባውን አየሁት።

ከዚያ ፍሬን ሰማሁ።

...

ቅጠሉን ሊያነጥፍ የሄደው ሰው እንዳይሞት ብሎ ነበር።

ሮጬ ሄድኩ። ያየሁትን አልጽፈውም። ሰዎች ደግፈው ወደ መኪናው ሲመልሱኝ ሞተሩ ጠፍቷል፤ በሩም ተዘግቷል። አንድ ደግ ሰው አስቦልኝ ይሆናል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ያቺን የመጨረሻ ቃሉን ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አታጥፊው ብሎኝ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት... ይህን ለሰው እንዴት ብዬ ልንገር።

ገፈርሳ አጠገብ ካለ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። እናቱ ቀብሩ ላይ አልነበሩም።

እማዬ በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ተሠርተው ነበር። የሞራ ግርዶሽ። አንዱ ዓይናቸው ከድሮም አያይም፤ የቀራቸው ይሄ ብቻ ነው። ሐኪሙ ጭስ፣ ማጎንበስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማልቀስ ከልክሏቸዋል። ካለቀሱ ዓይኑ ይሄዳል ብሎ ለሴት ልጃቸው ለዱርሲቱ አስጠንቅቋታል።

የእማዬ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኢቲቻ ቤተሰቡን ሰብስበው መርዶው ይቆይ አሉ።

«ልጇ ተወስዶባታል። ዓይኗን አንጨምርበትም።»

ጎረቤቱ ሁሉ እንዳያወራ ተነገረው። እማዬ ግን ሌንጮ ዱከም ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄዷል ተባሉ። አመኑ። ቀናት ሲያልፉ ግን ለምን አይደውልም ማለት ጀመሩ። ከዚያ ምግብ ቀነሱ። ከዚያ ተዉት።

አንድ ቀን ከቡራዩ ኦቦ ኢቲቻን ይዤ ወደ ሱሉልታ ልሄድ ቁልፉን አዞርኩ።

«ዕድሌ፣ ቀበቶሽን እሰሪ። ያለችኝ ሚስት አንድ ናት።»

በልቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥን ይሸፈናል። ቤታችን ውስጥ ድምፅ ያለውን ሁሉ ሰዎች ዝም አሰኝተውት ነበር። የተደበቀችውን ግን ማንም አላስታወሳትም።

ኦቦ ኢቲቻ በሩን ይዘው ቀሩ። «ይሄ ልጅ... እዚህ ውስጥ ነው እንዴ?»

ነገርኳቸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አሰማኋቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ትስማው። እህል ትቅመስ።»

እንዲህ ሆነ። ፀሐይ ይሙቁ ብለን እማዬን ከኋላ ወንበር አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው ላይ የፕላስቲክ መከለያ አለ፤ ብዥ ብሎ ነው የሚታያቸው። ስልኩ በመኪናው ስፒከር ነው የሚሰማው አልኳቸው።

«ኢልማ ኮ፣ አከም ጂርታ?» ልጄ፣ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

ተጫንኩ። «ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ለዚህም ቁልፍ አለው፤ ተጫንኩት። «እመጣለሁ።»

እማዬ ፈገግ አሉ። ያን ቀን ምሳቸውን ጨረሱ። ዱርሲቱ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ነክሳ ስታለቅስ አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ተመላለስኩ። ጥቁሬን ለብሼ ፊታቸው መቅረብ ስለማልችል ሱሉልታ ሳልደርስ ዳር ይዤ መኪናው ውስጥ እቀይራለሁ። ባለ አበባ ቀሚሴን እለብስና የሠርግ እድምተኛ መስዬ እገባለሁ።

አንድ ቀን ጥቁሩን ቀሚስ እያወለቅኩ ነበር። ቀሚሱ ራሴ ላይ ነው፣ ሁለቱም እጆቼ ወደ ላይ ናቸው...

«ጥቁር አያምርብሽም።»

በሹክሹክታ ነው። ከስፒከሩ።

እንዳለሁ ቀረሁ። ጨርቁ ፊቴ ላይ ነው። ትንፋሼን ብቻ ነው የምሰማው።

አንዱ ቀልዱ ይሆናል፣ እኔ የማላውቀው ቁልፍ ይኖራል፣ በጉልበቴ ነክቼው ይሆናል አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? አልፈራሁም። አንድ ቃል ይድገመኝ ብዬ ብርዱ ላይ ቀሚሴን አውልቄ ሳልጨርስ ብዙ ተቀመጥኩ።

አልደገመኝም።

በሌላ ቀን ከሹፌሩ እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አገኘሁ። እርጥብ ነው። በጫማዬ አምጥቼው ይሆናል ብዬ ጣልኩት። በማግስቱ ሌላ ነበር።

ከዚያ ደግሞ እማዬ በዚያው በስልኩ ጨዋታችን መሀል ያልጠበቅኩትን ጠየቁ።

«ልጄ፣ ድምፅህ ለምን ራቀ?»

ቁልፎቹን አየሁ። ለዚህ የሚሆን የለም። «ደህና ነኝ» የሚለውን ልጫን ጣቴን አነሳሁ... ገና አልነካሁትም።

«እዚህ ይበርዳል፣ ሃርሜ።»

ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

 እማዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ልብስ ላኪለት» አሉኝ።

ለኦቦ ኢቲቻ አልነገርኩም። ቢከለክሉኝስ።

እማዬ ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡበት ቀን እኔው ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አየና ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል፣ አሁንም እንባ እንዳይነካው አለ። ስንመለስ ጠብታ ልገዛ ፋርማሲ በር ላይ ቆምኩ። እንዳይበርዳቸው ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ።

ሰልፍ ነበረው። ስመለስ በመስታወቱ አየኋቸው።

እማዬ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተጠግተዋል። እጃቸው የሹፌሩ ወንበር ትከሻ ላይ ነው፤ ሌንጮ ሲነዳ እንደሚያደርጉት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ቆም ይላሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደግሞ ይናገራሉ።

በሩን ስከፍት ዝም አሉ።

«እማዬ... ከማን ጋ ነው የሚያወሩት?»

«ከማንም።»

እስከ እንጦጦ ድረስ ጥርሳቸውን ነክሰዋል። አንደኛው እጃቸው የሌላውን ቆዳ ቆንጥጦ ይዟል። ዓይንዎን አመመዎት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የለም። እየጠበቅኩት ነው።»

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ደግሞ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ዕድሌ... ፉሪ ብርድ ነው?»

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ፉሪ የሚለውን ቃል በእሳቸው ፊት ማንም አንስቶ አያውቅም። ሌንጮ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ኦቦ ኢቲቻ ራሳቸው ቦታውን ጠልተው ስሙን አይጠሩም።

በማግስቱ ሰበታ፣ ሰልማን ጋ ሄድኩ። ሱቁን ዘጋና መኪናው ውስጥ ገባ። ምንጣፉን ገልጦ ላፕቶፗን አወጣ፤ ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝቶ የተቀዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተልኝ። ወፍጮ ቤቱ። ጉድጓዱ። ቀበቶሽን እሰሪ። እሺ፣ ሃርሜ። አንዱ ላይ ሌንጮ ተሳስቶ ሲስቅ ይሰማል። ሰልማን አቆመውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለ ጥቁር ልብስ የሚል የለም። ስለ ብርድ የሚልም የለም።

«ስፒከሩ የሚያወጣው እዚህ ያለውን ብቻ ነው፣ ዕድሌ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እዚህ ደግሞ የለም።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«አልሰማሽም አላልኩም።»

 ከዚያ «ላውጣት?» አለኝ።  የእማዬ ዓይን ባይሆን ኖሮ አውጣት አልልም ነበር። ያ ድምፅ አንድ ቀን የማይሆን ነገር ተናግሮ ቢያስለቅሳቸውስ...

አወጣት። ባትሪዋን ለይቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቡራዩ ወስጄ ገና ለማንም ካልሰጠሁት ልብሱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኳት።

ወደ ቤት የተመለስኩበትን መንገድ አልረሳውም። ቁልፉን ሳዞር ቀበቶሽን እሰሪ የሚለኝ አልነበረም። ሳላስር ነዳሁ።

እማዬን የሌንጮ ስልክ ተበላሽቷል አልናቸው።  የሚገርመው፣ ምግባቸውን አላቋረጡም። በየቀኑ ዱርሲቱን የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኔ ዳነ ወይ።

ዳነ። ሐኪሙ መከለያውን አነሳላቸው። አሁን ቢያለቅሱም አይጎዳቸውም ብሎ ለኦቦ ኢቲቻ ነገራቸው።

መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፤ ሰውየው እህል ሳይቀምስ። ከዋዜማው ሱሉልታ ሄጄ ዱርሲቱ ጋ አደርኩ። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቆምኩት፣ አጠፋሁት፣ ቆለፍኩት። ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ኦቦ ኢቲቻ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ያን ቀን ጥቁሬን አልቀየርኩም። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። ማንም አልተናገረም፤ የምንሰማው የጫማችንን ድምፅ ብቻ ነው። የእማዬን በር ገፋ አደረግን።

ነቅተዋል።

ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀውታል። የኀዘን አለባበስ ነው... ገና ማንም ሳይነግራቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ተረፈች...»

እማዬ እጃቸውን አነሱ። «ሐኪሙ ዓይኗ ድኗል አለህ?»

«አለኝ።»

«እንባ አይጎዳውም?»

«አይጎዳውም።»

«እንግዲያው ላልቅስ» አሉ።

እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ቀናት ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው የያዙት ነው የወጣው። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ የመጡትን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆሙ። እኔ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። እሳቸው ራሴን ታቀፉ።

ትንሽ ሲበርድላቸው ጠየቅኳቸው።

«እማዬ... ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ፋርማሲ የገባሽ ዕለት።» ፊቴን በመዳፋቸው ጠረጉት። «ዓይንሽ እስኪድን እንዳታለቅሺ ብሎ ለመነኝ። ለዕድሌ አትንገሪያት፣ ትፈራለች አለኝ።»

«ሌላስ... ሌላስ ምን አለ?»

እማዬ አሰቡ።

«ሞተሩን ማን አጠፋው አለኝ። እኔ ምን አውቄ።»

ቤቱ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የሰማነው። መጀመሪያ ሩቅ መሰለኝ። ከዚያ ቀረበ። እዚያው ግቢው ውስጥ ነው።

የሞተር ድምፅ።

እጄን ወደ ነጠላዬ ጫፍ ሰደድኩ። ቋጠሮው አልተፈታም። ቁልፉ እዚያው ነው።

ሁላችንም ወጣን። እማዬም በዱርሲቱ ተደግፈው ወጡ።

መኪናው ያቆምኩት ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ ይሠራል። መስታወቶቹ ከውስጥ ላብ አውጥተዋል፤ ሰው ሲተነፍስበት እንዳደረ። የሹፌሩ በር ገርበብ ብሏል። እሱ እንደተወው።

ከመኪናው ኋላ፣ ውርጩ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተነጥፏል። በደንቡ። አንዱ ከአንዱ ራቅ እያለ እስከ ግቢው በር ድረስ። አሁን የተሰበረ ነው፤ ስብራቱ ገና እርጥብ ነው። በዙሪያው ያለው ውርጭ ግን ማንም አልረገጠውም።

ኦቦ ኢቲቻ አንዴ አማተቡና ሞተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

እጃቸውን ያዝኩት።

«አያጥፉት፣ ኦቦ» አልኳቸው። «መጣሁ ብሎኛል።»